ቀለሙ ይቆይ፣ ፍሬኑ ይቅደም

ሐዋሳ ውስጥ አንድ ወጣት ክረምቱ ሲወጣ ያገለገለ ብስክሌት ገዛ። ሐሳቡ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በሻሸመኔ አድርጎ እስከ ባቱ፣ እስከ ድሮዋ ዝዋይ ድረስ መንዳት፣ መንገድ ላይ እያደሩ ሄዶ መመለስ ነው። ብስክሌቱ የብረት ማውንቴን ባይክ ነው። ቀይ ነበረ ይባላል፤ ሲገዛ ግን ግማሹ ዝገት ሆኗል። ልጁ በሦስተኛው ቀን ጥቁር ቀለም አስቀባው። በሳምንቱ አዲስ ኮርቻ ገዛለት፣ የጎማው ሽቦዎች ላይ ሲዞር የሚያብረቀርቅ መብራት አሰረበት፣ ፎቶ አንስቶ ለቀቀው። አድናቆቱ ጎረፈ። «ፍሬኑ ይይዛል ወይ?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ የጠየቀው የሰፈሩ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ዛፍ ሥር በርጩማና አንድ ሣጥን መሣሪያ ይዞ የሚውል ጎልማሳ። የኋላውን ጎማ አንስቶ አሽከረከረው፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ ከዚያም «ይሄ እኮ ኩሽኔታው አልቋል። ቀለም አስቀድም ያለህ ማነው?» አለው። ልጁ ተቀየመ። ያስቀየመው ንግግሩ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡም አልቆ ነበር።

ጠጋኙ ልክ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ዝግጅት ነው።

ለልጁም ግን የሚገባውን መስጠት ያስፈልጋል፤ አሮጌ ብረት መምረጡ ስህተት አልነበረም። «ትንሽ ጨምረህ አዲስ አትገዛም ነበር?» ያለው ብዙ ነው። በዚያ ገንዘብ የሚገኘው አዲስ ብስክሌት ብዙውን ጊዜ ፊትም ኋላም ሞላ ያለው፣ ለዓይን የሚያምር፣ ለጭነት የማይሆን ነው። ርካሽ ሞላ ሻንጣ ሲጫንበት ይተኛል፣ ዳገት ላይ የእግርን ጉልበት ይበላል፣ ሲበላሽም የሚተካው አይገኝም። የብረት አካል ግን ቢሰበር አርሲ ነገሌም ይሁን አዳሚ ቱሉ የተገኘው ብየዳ ቤት ገጥሞ ይሸኘዋል። አሉሚኒየም እንዲህ አይደለም፤ የተለየ መበየጃና የለመደ እጅ ይፈልጋል።

እርግጥ አሮጌ ሁሉ አይታደስም። ቱቦዎቹ የሚጋጠሙበትን ቦታ በጨርቅ ጠርጎ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ መፈለግ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ከመሪው ጀርባ ወደ ፔዳሉ የሚወርደው ቱቦ ሥሩ ላይ ቀለሙ ከተሸበሸበ፣ ብስክሌቱ አንድ ቀን ፊት ለፊት ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቷል ማለት ነው። የኮርቻው ዘንግ በዝገት ተጣብቆ ከፍም ዝቅም የማይል ከሆነ ደግሞ፣ በቁመት ልክ ያልሆነ ብስክሌት ላይ መቶ ኪሎ ሜትር መንዳት ጉልበትን ለወጌሻ ማስረከብ ነው። አዲስ ቀለም ተቀብቶ ለሽያጭ የሚቀርብ አሮጌ ብስክሌትም ያጠራጥራል፤ ቀለም ዝገትን ብቻ ሳይሆን ስንጥቅንም ይሸፍናል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የገንዘቡ ቅደም ተከተል ነው፤ ክርክሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሻሸመኔ ከ1,900 በላይ። በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲሄዱ ላብ ነው፤ ሲመለሱ ግን ቁልቁለት ነው፣ ያውም ከኋላ የጭነት መኪና፣ ከፊት ሚኒባስ፣ ከጎን ባጃጅና አህያ ባለበት አስፋልት ላይ። የደረቀ የፍሬን ጎማና የዛገ ሽቦ ይዞ፣ ኋላ ላይ አሥራ አምስት ኪሎ ሻንጣ ጭኖ እዚያ መውረድ ድፍረት አይባልም። ሁለቱን መለወጥ ደግሞ ከአዲስ ኮርቻ አይበልጥም። ቸርኬው አሉሚኒየም ካልሆነ፣ እንደ ድሮው ፊኒክስ ብረት ከሆነ፣ ሌላ ነገር መታወቅ አለበት፤ ብረት ቸርኬ ሲረጥብ ፍሬን አጥብቆ አይዝም። ዝናብ ከመጣ ወርዶ መግፋት ነው።

ቀጥሎ የኋላ ጎማ። ጭነቱ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ መጀመሪያ የሚሰበሩት ሽቦዎች የኋላዎቹ ናቸው፣ በተለይ በሰንሰለቱ በኩል ያሉት። ጠጋኙ እያንዳንዱን ሽቦ በጣቱ እየመታ ድምፁን ያዳምጣል፤ የላላው ደንቆሮ ድምፅ አለው። ሞዞውን ፈትቶ፣ ኩሽኔታውን በናፍጣ አጥቦ፣ የተበላውን ለውጦ፣ አዲስ ግራሶ ሞልቶ መግጠም የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ይህ ሥራ ፎቶ ላይ አይታይም። ልጁ ገንዘቡን ሌላ ቦታ የጨረሰው ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ሰንሰለት ደግሞ በዓይን ሳይሆን በማስመሪያ ነው የሚታየው። ከአንዱ ፒን ተነስቶ 24 ቀለበት ቆጥሮ ሲለካ፣ አዲስ ሰንሰለት 30 ሴንቲ ሜትር ከ5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ በአንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ከረዘመ ይለወጥ። ሦስት ሚሊ ሜትር ከደረሰ ጥርሶቹንም አብሮ በልቷቸዋል፤ አዲስ ሰንሰለት በአሮጌ ጥርስ ላይ ቢገጠም ዳገት ላይ እየዘለለ ያስቸግራል። ይህን የሚያህል ነገር በአንድ የተማሪ ማስመሪያ ይታወቃል።

የጎማ ቁጥር ጉዳይም ብዙ ተጓዥ መንገድ ላይ አስቀርቷል። ሁለት ዓይነት «28» አለ፤ አንዱ 635፣ ሌላው 622 ሚሊ ሜትር ነው። «26»ም እንዲሁ፤ የማውንቴኑ 559፣ የቀጭኑ 590 ነው። ሻጩ «26 ነው፣ ይገባል» ይላል፤ አይገባም። ጎማው ጎን ላይ ከሰረዝ በኋላ የተጻፈውን ባለሦስት አሃዝ ቁጥር አንብቦ መግዛት ነው፤ ትርፍ ጎማና ሁለት ካላማዳሪያም ከቤት ይዞ መውጣት። በየከተማው ጎሚስታ አለ፤ ማስቲሽና ልጣፍ አይጠፋም፤ የብስክሌቱ ልክ ግን መኖሩ ዋስትና የለውም።

አንድ የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነገር አለ። ልጁ ዩቲዩብ አይቶ «ቤሪንግ» ይላል፣ ጠጋኙ «ኩሽኔታ» ይላል፤ አንዱ «ሀብ»፣ ሌላው «ሞዞ»። ጠጋኙ ቋንቋውን የወረሰው ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ እጅ በእጅ ከመጣው የጋራዥ ሙያ ነው። አንድ ነገር እያወሩ አለመግባባታቸው ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። ክፋቱ፣ ልጁ ስልኩ ላይ ያለውን ባለሙያ አምኖ፣ ዛፍ ሥር የተቀመጠውን እንደ ጎማ ለጣፊ ብቻ መቁጠሩ ነው። ስልኩ የዚያን ብስክሌት ድምፅ አልሰማም። ሰውየው በቀን ስንት የተከራየ፣ የተጋጨ፣ ሦስት ሰው የጫነ ብስክሌት እንደሚያነሳ ያየ ሰው እንዲህ አይንቀውም። ሒሳቡ ላይ የሚደረገው ክርክርም ያሳፍራል፤ ለቀለም ቀቢ ያልተከራከረ ሰው ሕይወቱን ለሚይዝለት እጅ «ጋሼ፣ ቀንስልኝ እንጂ» እያለ ይሟገታል።

ቤተሰቡ በበኩሉ «ተመርቀህ ብስክሌት?» ብሏል። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ መጀመሪያ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችም ይዛ እንደነበር፣ ፅጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን እንደነዳ ቢነገራቸውም ነገሩን ከልጅ ጨዋታ አላወጡትም። ይሁን፤ ይህ ክርክር በአንድ ጉዞ አይፈታም።

ልጁ በመጨረሻ መብራቱንና አዲሱን ኮርቻ ሸጦ፣ ከጓደኛው ተበድሮ ወደ ዛፉ ሥር ተመለሰ። ኩሽኔታው፣ ፍሬኑ፣ ሰንሰለቱ ተለወጠ። ብየዳ ቤት በቶንዲኖ የሻንጣ መጫኛ ተሠራለት፤ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን አይነቃነቅም። ጠጋኙ ሒሳቡን ተቀብሎ ሲያበቃ አንድ ነገር አዘዘው፤ ከመሄዱ በፊት ሙሉ ጭነቱን ጭኖ ሻሸመኔ ደርሶ እንዲመለስ።

ሄደ። ሲመለስ፣ ከተማው ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ የኋላው ጎማ ሁለት ሽቦ በጠሰ፤ በሰንሰለቱ በኩል ያሉትን። ፍሬኑ ያዘና ቆመ። ጓደኞቹ በመዘግየታቸው አጉረመረሙ፤ ጉዞው በአንድ ሳምንት ተራዘመ። ጠጋኙ በዚያ በኩል ያሉትን ሽቦዎች ሁሉ ለወጠና ሦስት ትርፍ ጨምሮ ከኮርቻው ሥር ባለው ቱቦ ላይ በፕላስተር አሰረለት። የሦስቱን ሒሳብ አልጠየቀውም።