የእንጦጦ ብርድና የፔሌት ወንጌል

በአገራችን የማገዶ ነገር በተነሣ ቁጥር ሁለት ወገኖች ይሰለፋሉ። አንደኛው ወገን እንጨት ማንደድ ኋላቀርነት ነው ብሎ ይደመድምና ለቃሚዎችን ከጫካ ማባረርን እንደ ፖሊሲ ይቆጥራል። ሁለተኛው ደግሞ አውሮፓውያን ቤታቸውን የሚያሞቁበትን የእንጨት ፔሌት አይቶ ይመለስና “መድኃኒቱ ይኸውላችሁ” ይለናል። በእኔ እምነት ሁለቱም ስለ ዛፉ ይናገራሉ እንጂ፣ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል ጭራሮ ተሸክማ ስለምትወርደው ሴት አይናገሩም።

እንደሚታወቀው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ደን ከመመናመኑ የተነሣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን በቦታዋ ያጸናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። የባሕር ዛፉን ማገዶ በጀርባዋ ወደ ከተማ ያወረደችው ግን ደሃዋ ሴት ናት፤ ሸክሟም ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። ኮረብታው በ2013 ዓ.ም. የመዝናኛ ፓርክ ባለቤት ሆኗል፤ የድሃው ምድጃ ግን ዛሬም ያው ነው።

ለፔሌት ተገቢውን ክብር ልስጥ። ፔሌት ማለት ደርቆና በኃይል ተጨምቆ እንደ ጣት ፍልጥ የተቀረጸ የሰጋቱራ ዱቄት ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት እስከ ግማሽ ክብደቱ ውሃ ሊሆን ሲችል፣ የጥሩ ፔሌት እርጥበት ከ10 በመቶ አይበልጥም። አንድ ኪሎው ወደ 4.8 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል፤ ጭሱና አመዱም ጥቂት ነው። ከከሰል ጋር ስናነጻጽረው ብልጫው ይጎላል። በባህላዊው አፈር የተጫነበት ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከስድስት እስከ ስምንት ኪሎ እንጨት ይፈጃልና፣ አብዛኛው ጉልበት ገና ከተማ ሳይገባ በጢስ መልክ ይባክናል።

ታዲያ እንከኑ ምኑ ላይ ነው? ቤት የሚያሞቀው የፔሌት ምድጃ ፍሬውን የሚያቀብለውም ሆነ አየር የሚነፋለት በኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲጠፋ እርሱም ይጠፋል። መብራት ካለ ደግሞ በመብራት መሞቅ እየተቻለ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ማሽን መሐል ማስገባት ለምን አስፈለገ? ጭስ ማውጫ ቱቦ ያሻዋል፤ ማከማቻው መድረቅና መናፈስ አለበት፤ በጠባብ ክፍል የታጨቀ ፔሌት ራሱ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫልና። አንዲት ክፍል ለስድስት ለሚከራዩ ቤተሰቦች ይህ ሁሉ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

የገበያው ነገርም አለ። በሩዋንዳ ኢንየኔሪ የተባለ ኩባንያ ፔሌት ለሚገዙት ደንበኞቹ ዘመናዊ የማብሰያ ምድጃ በነጻ ይሰጥ ነበር፤ ሐሳቡ ብዙ ተወድሶለት ሳለ በ2020 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር የአውሮፓ ኅብረት የሩሲያን ፔሌት አገደ፤ በብዙ የአውሮፓ አገሮችም ዋጋው ከእጥፍ በላይ ናረ። ሀብታሙ አውሮፓዊ የደነገጠበትን ገበያ የሽሮ ሜዳ ነዋሪ በምን አቅሙ ይቋቋመዋል?

አንዳንዱ “እንግዲያው እንደ ድሮው በከሰል ይሞቁ” ይል ይሆናል። ይህ ግን በሰው ሕይወት መቀለድ ነው። በብርድ ወራት በርና መስኮት ዘግተው፣ ከሰል አጠገባቸው አድርገው የሚተኙ ቤተሰቦች በማግስቱ ሳይነቁ ይቀራሉ። ገዳዩ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። እኛ ስለ ታዳሽ ኃይል ዐውደ ጥናት ስንቀመጥ የሚሞተው በጭቃ ቤት ውስጥ ያለው ነው።

የእኔ አቋም የሚከተለው ነው። የእንጦጦ ቤት ችግሩ የሙቀት እጥረት ብቻ ሳይሆን የሙቀት መፍሰስም ነው። ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ የሌለው ቤት ምንም ቢያነዱበት ሙቀቱ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ለአንድ የፔሌት ምድጃ የሚወጣው ገንዘብ ኮርኒስ ቢሠራና የግድግዳ ስንጥቅ ቢደፍን፣ ጥቅሙ ለዓመታት ይዘልቃል፤ የሚገዛ ነዳጅም የለውም። ከዚያ የቀረውን ብርድ ኤሌክትሪክ ይሸፍነው። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት እንደሆነ ተነግሮናል። ነገር ግን በዚያው ዓመት የጀመረው በየሩብ ዓመቱ የሚያድግ ታሪፍ ደሃውን ወደ ከሰል ከመለሰው፣ ለግድቡ ያዋጣው ቦንድ ገዢ ምን ይባላል? ከኮረብታው ሥር ለሚኖሩ ዝቅተኛ ተጠቃሚዎች የብርድ ወራት ታሪፍ ሊለይላቸው ይገባል።

ፔሌትስ? ቦታ አለው፤ ቦታው ግን ሳሎን አይደለም። ከእንጨት ሥራ ቤቶች የሚጣለው ሰጋቱራ ተጨምቆ፣ በእንጨት ለሚያበስሉ ትልልቅ ማእድ ቤቶችና ለእንጀራ ጋጋሪዎች ቢቀርብ፣ ማሽኑም ጭራሮ ተሸካሚ የነበሩት ሴቶች በማኅበር ቢይዙት፣ ያን ጊዜ ትርፉ ከጀርባቸው ሸክም አውርዶ በእጃቸው ገንዘብ ያስገባል። ቆሞ ያለ ባሕር ዛፍ ቆርጦ ለፔሌት መፍጨት ግን ሸክሙን ከሴቲቱ ጀርባ ወደ ኮረብታው ማዛወር ነው።

ጫካውን ለማዳን የምንሻ ከሆነ አስቀድመን ጫካው የመጨረሻ መተዳደሪያ ለሆነባት ሴት ሌላ እንጀራ እናሳያት። ይህን ሳናደርግ ዘበኛ ማቆም፣ ረሀብን በአጥር ለማገድ መሞከር ነው።

ቸር ይግጠመን!