ጨው፣ ውኃና ኤሌክትሪክ
«እጅህን ሳታደርቅ የኤሌክትሪክ ማብሪያውን አትንካ» የሚለውን ምክር ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለንም። ምክንያቱን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ይህንኑ ለመግለጽ አስበናል።

እጅግ የተጣራ ውኃ ኤሌክትሪክን እምብዛም አያሳልፍም። የባሕር ውኃ ግን ወደ አንድ ሚሊዮን እጥፍ በሚጠጋ ብልጫ ያሳልፋል። ይህን ልዩነት ያመጣው ጨው ነው።

ሞለኪውል የሚባለው የውኃ ቅንጣት አንዱ ወገኑ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ወገኑ ኔጋቲቭ ነው። የገበታ ጨውም አዮን ከሚባሉ ቅንጣቶች የተሠራ ሲሆን፣ የሶዲየሙ አዮን ፖዘቲቭ፣ የክሎራይዱ ኔጋቲቭ ነው። ጨው ውኃ ውስጥ በገባ ጊዜ የውኃ ሞለኪውሎች ተቃራኒ ወገናቸውን እያዞሩ እያንዳንዱን አዮን ይከቡታል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ አንዱ ሞለኪውል ብቻውን የማይችለውን ብዙዎቹ ተባብረው ይፈጽሙታል፤ የአዮኖቹም መሳሳብ ባዶ ስፍራ ቢሆኑ ከሚኖረው ወደ 1/80 ያህል ዝቅ ይላል። በአማርኛ «ጨው ሟሟ» የምንለው አዮኖቹ እንዲህ ሲለያዩ ነው።

ኤሌክትሪክ በተለቀቀ ጊዜ ሁለቱ ዓይነት አዮኖች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛሉ፤ የውኃ ሞለኪውሎች ግን በያሉበት ሆነው ፊታቸውን ወደ ኃይሉ አቅጣጫ ያዞራሉ። አዮኖችን የከበቡት ሞለኪውሎች ግን ስለ ተያዙ እንደ ልብ መዞር አይችሉም። ስለዚህ ጨው ሲጨመር ውኃው ኤሌክትሪክን ማሳለፉ ይበረታል፤ በመዞር የኤሌክትሪኩን ኃይል የማብረድ ችሎታው ግን ይቀንሳል።

ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ስለዚሁ ጉዳይ በ1884 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ለኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው የዶክትርና ጽሑፍ ዝቅተኛ ማዕረግ ተሰጥቶት ነበር። ስለ አዮኖች ባስተማረው ትምህርት ግን በ1903 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማትን ተቀበለ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የቧንቧና የጉድጓድ ውኃ ከመሬት ያገኘው ማዕድን አለበት፤ ላባችንም ጨው አለው። የደረቀ ቆዳ እስከ 100,000 ኦም በሚደርስ መጠን ኤሌክትሪክን ሊከላከል ሲችል፣ የረጠበ ቆዳ ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። ይህ ማለት በእርጥብ እጅ የነካ ሰው መቶ እጥፍ የበረታ ኤሌክትሪክ ሊያልፍበት፣ ልቡም ሊቆም ይችላል ማለት ነው።

እንግዲህ ከማብሪያው አጠገብ ደረቅ ፎጣ ይሰቀል። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰውም በእጅ ከመንካት በፊት ዋናውን ማጥፊያ ማጥፋት ይገባል። ልጆቻችንንም «አትንኩ» ስንላቸው ምክንያቱን ጨምረን ብናስረዳቸው፣ እኛ በሌለንበት ጊዜም ይጠነቀቃሉ ብለን እናምናለን።