«ቪትዝ ጎማ ትበላለች» ለምትሉ ሁሉ

ወገን፣ ይቺን «ቪትዝ ጎማ ትበላለች» የምትባል ነገር ሰምቼ ሰምቼ መሮኛል። መኪና ጎማ አትበላም። ጎማችንን የሚበላው አላይመንት ሳይሠራ ሠርቻለሁ ብሎ ብር የሚቀበለው ሰው ነው።

ሁለት አዲስ የፊት ጎማ ገዛሁ። በአስተማሪ ደሞዝ ሁለት ጎማ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የዚያኑ ቀን አላይመንት አስደረግኩ። ልጁ አስር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ መሪውን ቀጥ አድርጎ «አለቀ መምህር» አለኝ። ወረቀቱስ? «ማሽኑ አያትምም»። ከፍዬ ወጣሁ። የኔ ጥፋት ይቺ ናት።

በአምስተኛው ወር ልጆቼን ይዤ ወደ አዳማ ልወጣ ስል ነፋስ ላስሞላ ጎሚስታ ጋ ቆምኩ። ከውጭ ሲታይ የጎማው ጥርስ ገና ነው። ጎሚስታው ግን እጁን ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ሰደደና «ና እስኪ ዳብሰው» አለኝ። ሽቦ! በዚህ ጎማ ነበር ፍጥነት መንገዱ ላይ ልጆቼን ጭኜ በ100 ልነዳ የነበረው።

ተመልሼ ስጠይቅ መልሱ «መንገዱ ነው ወንድሜ»። መንገዱማ ጉድጓድ ነው፣ ማን ካደ? ለዚህ አይደል እንዴ አንስታችሁ እዩ የምንለው! ሌላ ቦታ መኪናዋን አንስተው ጎማውን በሁለት እጅ ግራና ቀኝ ሲነቀንቁት የታይሮዱ ጫፍ ላልቷል። የላላ ነገር ላይ የተሠራ አላይመንት ከግቢው ሳይወጣ ይበላሻል። ይሄ የሥራው ሀሁ ነው። ፈተና ሳይፈትን ውጤት የሚሰጥ አስተማሪ ቢኖር ምን ትሉት ነበር?

«ትንሽ ብትዛባ ምን ትሆናለች» ለሚሉ ደግሞ ሒሳቡን እንሥራው፣ እንጀራዬ ነው። አንድ ጎማ ከመስመሩ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢወጣ የግማሽ ዲግሪ ሳይን 0.0087 ነው። በእያንዳንዱ 1 ኪሎ ሜትር 9 ሜትር ገደማ ወደ ጎን እየተፋቀ ይሄዳል ማለት ነው። ከቤት ትምህርት ቤት ደርሳችሁ ስትመለሱ አስቡት።

ሌላም አለ። እኔ የያዝኳት ዓይነት ቪትዝ ላይ ፊት እንዳለ የሚስተካከለው ቶ የሚሉት ነው፣ የጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ። ካምበር ከፈለጋችሁ ቡሎን መቀየር አለ። የኋላው ደግሞ ከፋብሪካ የመጣ ማስተካከያ የለውም። እና «አራቱንም አስተካክለናል» ብሎ የሚያስከፍለን ሰው የኋላውን በምን እንዳስተካከለው ያስረዳኝ።

እኛም ግን ንጹህ አይደለንም። መሪው በፍጥነት ሲንቀጠቀጥ ባላንስ መሆኑን ሳናጣራ «አላይመንት ሥራልኝ» እንላለን። ሁለቱም ጠርዝ ካለቀ ነፋስ ማነስ፣ መሃሉ ካለቀ ነፋስ መብዛት ነው፤ ልኩ የሹፌሩ በር ሲከፈት ተለጥፎ ይገኛል። ስንቶቻችን አንብበነዋል?

ከእንግዲህ እኔ ከሥራው በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር ሳላይ አልከፍልም። ማተም ካልቻለ ስክሪኑን በስልኬ አነሳለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ቤት በር ሳልፍ ስድስት መኪና ተሰልፏል። ሦስቱ ቪትዝ ናቸው።