«ገብቶኛል» እያለ የሚወድቅ ልጅ

ባለፈው ዓመት ማርች ውስጥ ነው። አንድ እሑድ ማታ ከሥራ ስገባ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጄን ሳሎን ውስጥ ካልኩለስ ሲያጠና አገኘሁት። ላፕቶፑ ላይ አንድ አስተማሪ ጥያቄ እየሠራ ያሳያል፤ ልጄ ራሱን እየነቀነቀ ያያል። እናቱ «ከምሳ ጀምሮ ከዚያ ወንበር አልተነሣም» አለችኝ፣ ኩራት ባለው ድምፅ። «ገባህ?» ስለው «ሁሉም ገብቶኛል አባዬ» አለኝ። በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤቱ በሰጠው የሙከራ ፈተና ከ5 ያመጣው 2 ነበር።

እዚህ አሜሪካ ልጅ ያላችሁ ኤፒ ካልኩለስን ታውቁታላችሁ። በሌላ አገር ላላችሁ፣ የኮሌጅ መጀመሪያ ዓመት ካልኩለስን ሃይስኩል ሆነው የሚማሩበት ኮርስ ነው። ፈተናውን በየዓመቱ ሜይ ላይ የሚሰጠው ኮሌጅ ቦርድ ሲሆን ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው። ብዙ ኮሌጆች ለ4 እና ለ5፣ አንዳንዶቹም ለ3 ክሬዲት ይሰጣሉ። ያ ማለት የአንድ ኮርስ ክፍያ ከወላጅ ትከሻ ወረደ ማለት ነው።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ያው እንደማንኛችንም አስጠኚ መቅጠር ነበር። እኛ ሐበሾች ስንገናኝ የምናወራውን ታውቃላችሁ፤ «የኔ ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን ቲውተር አለው»፣ «የኔዋ እስከ እኩለ ሌሊት ታጠናለች»። ጥናትን የምንለካው በሰዓትና በዶላር ነው። እኔም ብር ከማውጣቴ በፊት አንድ ነገር ልሞክር ብዬ፣ በዚያ እሑድ ሲያየው ከነበረው ቪዲዮ አንዱን ጥያቄ፣ ከሾጣጣ ታንከር የሚወርደውን ውኃ፣ በነጭ ወረቀት ጻፍኩና ላፕቶፑን ዘጋሁት። ከየት እንደሚጀምር ጠፋው። «አባዬ፣ ሳየው እኮ ገብቶኝ ነበር» አለኝ። ልጁ አልዋሸም። ሌላ ሰው ሲሠራ ማየትና ራስ መሥራት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ግን እሱም እኔም አላወቅንም ነበር።

እኛ ደግሞ ይህን የማናውቅበት ምክንያት አለን። የኛ ጊዜ ማትሪክ የምርጫ ጥያቄ ነበር፤ ቀመሩን ሸምድዶ፣ የድሮ ጥያቄዎችን ደጋግሞ ዓይቶ መልሱን ከአራቱ መሐል ማወቅ ያስኬድ ነበር። በሽምደዳ ያለፍን ሰዎች ለልጆቻችን የምናወርሰውም ሽምደዳን ነው።

በ2007 ሮረርና ቴይለር የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። የኮሌጅ ተማሪዎች የአራት እንግዳ ቅርፆችን ይዘት ማስላት ተማሩ። አንዱ ቡድን መልመጃውን በዓይነት በዓይነቱ ሠራ፤ ሌላው አደባልቆ። በልምምዱ ወቅት በዓይነት የሠሩት 89 በመቶ፣ አደባልቀው የሠሩት 60 በመቶ አገኙ። ከሳምንት በኋላ ሲፈተኑ የመጀመሪያዎቹ ወደ 20 በመቶ ወረዱ፤ የተንገላቱት 63 በመቶ አመጡ። ነገሩ ግልጽ ነው። የመጽሐፍ መልመጃ ላይ የምዕራፉ ርእስ ራሱ የትኛውን ዘዴ እንደምትጠቀም ይነግርሃል። ፈተና ላይ ርእስ የለም።

ከዚያ በኋላ ቲውተር ከመጥራት ይልቅ የፈተናውን አሠራር አብረን አጠናን። የካልኩለሱ ፈተና 45 የምርጫ ጥያቄዎችና 6 ወርክ አውት አለው፤ ሁለቱ ክፍሎች እኩል ግማሽ ግማሽ ይይዛሉ። እያንዳንዱ ወርክ አውት ከ9 ይታረማል፣ በአማካይም 15 ደቂቃ ይደርሰዋል። ኮሌጅ ቦርድ ያለፉትን ዓመታት የወርክ አውት ጥያቄዎች ከነእርማት መመሪያቸው በነፃ ድረ ገጹ ላይ ያስቀምጣል። ስንት ብር ከፍለን የምንፈልገው ነገር እዚያ ተቀምጧል!

መመሪያውን ሳነብ በጣም ገረመኝ። የዲፈረንሺያል እኩልዮሽ ጥያቄ ላይ ተለዋዋጮቹን ለይቶ በየጎናቸው ያላስቀመጠ ልጅ፣ ከዚያ በታች ገጽ ቢሞላ ለዚያ ክፍል ነጥብ አያገኝም። ኢንተግሬት ሲያደርግ ያቺን የመደመር ሲ የረሳ ደግሞ ነጥብ ያጣል። አንድን ቲዎረም ሲጠቅስ «ፈንክሽኑ ኮንቲንዩስ ነው» ብሎ ቅድመ ሁኔታውን ካልጻፈ መልሱ ትክክል ሆኖም ነጥብ ይቀነስበታል። በሌላ በኩል የመጨረሻውን ቁጥር ማቃለል አይጠበቅበትም። ልጄ ግን፣ እኔ «ሥራህን ጨርስ!» እያልኩ ስላሳደግኩት፣ ክፍልፋይ ሲያቃልል ደቂቃውን ያቃጥልና እዚያው ላይ ተሳስቶ ያገኘውን ነጥብ ይጥል ነበር።

እናም እንዲህ አደረግን። ከተለያዩ ዓመታት የተቀላቀሉ ሁለት ሁለት ጥያቄዎች፣ ደብተር ተዘግቶ፣ ስልክ ሌላ ክፍል ሆኖ፣ ሰዓት ተይዞ። ሲጨርስ ራሱ በመመሪያው በቀይ እስክሪብቶ ያርማል። የተሳሳተውን በአንድ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ከሳምንት በኋላ መልሱን ሳያይ እንደገና ይሠራዋል። በቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል አይበልጥም። እናቱ «ልጁ ማጥናት ተወ እኮ!» ብላ ተጨነቀች። እውነቷን ነው፤ ወንበር ላይ የሚቀመጥበት ሰዓት በግማሽ ቀንሷል። ድካሙ ግን በዝቶ ነበር፣ ፊቱ ላይ ይታያል።

እኔ ካልኩለሱን ከረሳሁት ቆይቷል። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ይቺን መስመር እንዴት አመጣሃት?» በአማርኛና በእንግሊዝኛ እያደባለቀ ያስረዳኛል፤ ያልገባው ቦታ ላይ ሲደርስ አንደበቱ ይያዛል። ይህን ሥራ ግን ከኔ ይልቅ እናቱ ትችልበታለች። ካልኩለስ ተምራ ስለማታውቅ ዝም ብላ ትሰማዋለች፤ እኔ ቸኩዬ መልሱን ልነግረው እሞክራለሁ።

የስህተት ደብተሩን በኤፕሪል ስናገላብጠው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ስህተት ካልኩለስ አልነበረም። የመቀነስ ምልክት መርሳት፣ ክፍልፋይ፣ የድምርን ስኩዌር ሩት ለየብቻ ማውጣት፣ የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ነገር ነው። አስጠኚ የቀጠርኩት ያን ጊዜ ነው፤ ለአራት ቅዳሜ፣ ለአልጀብራ ብቻ። አስጠኚ አያስፈልግም አልልም፤ ነገር ግን አስጠኚው እየሠራ ልጁ የሚያይ ከሆነ የምትከፍሉት ለሌላ ቪዲዮ ነው። እኔ ለቀጠርኩት ልጅ የነገርኩት «አንተ እስክሪብቶ አትያዝ» ብዬ ነው። መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር።

ጁላይ ላይ ውጤቱ 4 ሆኖ መጣ። እሱ 5 ነበር የፈለገው፣ አኩርፎ ሰነበተ። ታናሽ እህቱ ዘንድሮ ፕሪካልኩለስ ጀምራለች። አሁን የምርጫው ክፍል በኮምፒዩተር ስለሆነ ወረቀት የማያስፈልግ መስሏት ነበር፤ ወርክ አውቱ አሁንም በእጅ እንደሚጻፍ ወንድሟ ነገራት። ትናንት ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግታ «እማዬ ነይ፣ ላስረዳሽ» ስትል ሰማኋት።