ስለ ማንኮራፋት እንጠይቅ፦ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥና የደም መርጋት በደጋ ከተማ

ከኮተቤ ወይም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚወጣ ሰው የአየሩን መሳሳት በራሱ ትንፋሽ ያውቀዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ፣ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በከተማዋ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥን ስናጠና ይህን እውነታ ቸል ማለታችን ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሕመሙ ባለበት ሰው የላይኛው የአየር መተላለፊያ በእንቅልፍ ወቅት ደጋግሞ ይዘጋል፤ የደም ኦክስጅንም ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል። ይህ መዋዠቅ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የደም ሥሮችን ውስጠኛ ሽፋን ይጎዳል፣ ፕሌትሌቶችን ያነቃቃል። በታማሚዎች ደም ውስጥ ፋይብሪኖጅን ከፍ ብሎ መገኘቱም በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ሆኖም ውፍረት ብቻውን ተመሳሳይ ለውጥ ስለሚያስከትል፣ ዝምድናን እንደ መንስኤ መቁጠር አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው፣ የልብ ወይም የአንጎል ደም ሥር በሽታ ያለባቸውን 2,717 ሰዎች ያካተተው ሴቭ የተሰኘ ጥናት፣ ሲፓፕ የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ ተጨማሪ የልብና የደም ሥር አደጋዎችን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ተሳታፊዎቹ ግን መሣሪያውን የተጠቀሙት በአማካይ በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ ነበር።

በከፍታ ላይ የኦክስጅን ሙሌት ከመነሻው ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ አንድ ዓይነት የትንፋሽ መዘጋት የባሰ መውደቅ ያስከትላል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች አምባራስ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸውም ሆነ የኦክስጅን ሙሌታቸው በባሕር ጠረፍ ከሚኖሩት ጋር የተቀራረበ መሆኑን አመልክቷል፤ የአንዲስ ደገኞች ግን ሄሞግሎቢናቸው በጉልህ ይጨምራል። ስለዚህ የእኛን ታማሚ ከቆላም ከአንዲስም በተዋስነው መለኪያ ብቻ መመዘን አንችልም።

ሦስት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በደም ግፊት ክትትል ክፍሎች ታማሚው፣ ቢቻል የትዳር ጓደኛውም፣ ስለ ማንኮራፋትና ስለ ትንፋሽ መቆም ይጠየቁ። ሁለተኛ፣ የድኅረ ምረቃ ጥናቶች ሌሊቱን ሙሉ በሚመዘግብ ኦክሲሜትር ሙሌትን ይለኩ፤ የተሳታፊውን የመኖሪያና የትውልድ ቦታ ከፍታም ይመዝግቡ። ሦስተኛ፣ ማስረጃው እስኪጠነክር ድረስ የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት ለትንፋሽ መቋረጡ ብቻ ተብሎ አይታዘዝ።

የመጀመሪያው ገንዘብ አይጠይቅም። ከዚያ እንጀምር።