ንብ የሌለው ቀፎ

ለመሆኑ የእጅ ስልክን «ቀፎ» ብሎ የሰየመው ማን ይሆን? ማንም ይሁን ማን ሰውዬው ነቢይ ነበር። ቀፎ ያለ ንብ ምን ይረባል? ንቡ ወጥቶ ሲገባ፣ አበባ ቀስሞ ሲመለስ ነው ማር የሚገኘው። ንብ ያልገባበት ቀፎ እበት የተለቀለቀ ባዶ ዕቃ ነው። እኛም የደብረ ታቦር፣ የፋርጣ፣ የጋይንት፣ የእስቴ ሰዎች ድንቻችንንና ገብሳችንን ሸጠን የገዛነው ይህንኑ ባዶ ዕቃ ሆነና አረፈው። ንቡ ያለው አዲስ አበባ ነው። በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋውም ስሙን የማናውቀው ባለሥልጣን ነው።

ውድ አንባቢያን! ሬዲዮና ቴሌቪዥን በከፈትን ቁጥር ጆሯችን እስኪደነቁር የምንሰማው «ዲጂታል» የሚለውን ቃል ነው። ዲጂታል ክፍያ፣ ዲጂታል መታወቂያ፣ ዲጂታል ኢኮኖሚ... ቃሉ ራሱ ጸሎት ሊሆን ምንም አልቀረው። ታዲያ ይኼ ሁሉ ዲጂታል ጉና ተራራ ሥር ሲደርስ ምን ሆነ? ኧረ እንዴት ነው ነገሩ? እስቲ የቀን መቁጠሪያውን እንግለጥና እሱ ራሱ ይመስክር።

የቀን መቁጠሪያው ይመስክር

በሐምሌ 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለጋዜጠኞች መግለጫ ሲሰጡ ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም አሉን። መስመሩ ተለቅሟል፤ ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ የዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ትርጓሜ ነው።

በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ ጸደቀ። በዚያው ዓመት፣ ሰኔ 23 ቀን፣ የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋና ሦስት ሳምንት ገደማ ሰነበተ። ስትራቴጂውም መዝጊያውም የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው ማለት ነው! ከጥቅምት መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የትግራይ ሕዝብ ከሁለት ዓመት ለበለጠ ጊዜ ጨለማ ውስጥ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ዝም አልን። «የሱ ነው እንጂ የኔ አይደለም» ያለ ሁሉ ተራው ሲደርስ ማን ይጮህለታል?

በኅዳር 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተባበሩት መንግሥታትን የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ አስተናገደች። ከመላው ዓለም የመጡ እንግዶች ስለ ኢንተርኔት ሲመክሩ የትግራይ ሰፊው ክፍል ገና መስመር አልነበረውም። ሠርጉ ተደግሶ ሙሽራዋ ታስራለች!

አሁን ወደኛው እንምጣ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ በግንቦት ደግሞ በመላ አገሪቱ ነዳጅ የሚሸጠው በዲጂታል ክፍያ ብቻ ነው ተባለ። ጥሬ ብር ይዞ ማደያ መሄድ ቀረ። እሺ፣ ሾፌሩም ስልኩን ገዛ፣ ቴሌብሩንም ጫነ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ዳታም በክልሉ ድርግም አለ። በዚያው በነሐሴ ወር ኤም ፔሳ የተባለው የሞባይል ገንዘብ በይፋ አገልግሎት ጀመረ ተብሎ ተጨበጨበ። የቡሄ ዕለት፣ የከተማችን የስም በዓል ደብረ ታቦር ሲከበር፣ ውጭ አገር ያለው ዘመድ የልጆቹን ጭፈራ ሊያይ ፈልጎ አጣ። እኛም ችቦአችንን ለኩሰን በችቦ ዘመን ቀረን።

አንድ ነገር ግን በሐቅ እንናገር። ቴሌብር ያለ ኢንተርኔትም በኮከብ 127 መሰላል ይሠራል። ሆኖም ኮከብ 127ም ቢሆን ኔትወርክ ይፈልጋል። ድምፁም በየቦታው ሲቆራረጥ፣ ምሰሶው ሲቆም፣ መብራት ሲጠፋ ኮከቡም ከሰማይ ይወርዳል። ጥሬ ብር ተከልክሎ ነበር፤ ዲጂታሉ ደግሞ አልነበረም። ሾፌሩ በምን ይቅዳ?

የሀብታም ስልክ፣ የድሃ ስልክ

ስለ ዕቃ ከተነሣ አይቀር ስለ ዕቃው ራሱ ላውራ። ዳታው ተዘግቶ በነበረበት በ2016 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ገበያ አንድ የስልክ ሱቅ በር ላይ ቆሜ አንድ አዛውንት ገበሬ ከባለሱቁ ጋር ሲከራከሩ ሰማሁ።

«አንተ ልጅ፣ የትኛው ይሻለኛል?»

«አባባ፣ ይኼኛውን ይውሰዱ። ካሜራው ሦስት ነው፣ ፍጥነቱም ሌላ ነው።»

«እሱን ተወውና ራዲዮ አለው ወይ?»

ባለሱቁ ሳቀ። «የለውም አባባ። ራዲዮ ያለው ርካሹ ነው።»

ሰውዬው ርካሹን ገዝተው ሄዱ። እኔ ደግሞ ቆሜ አሰብኩ። ፈላስፋው እኒህ ሰው ናቸው! የዘመኑን ውድ ስልክ ብታዩት ራዲዮኑን አውጥተውታል፣ የማዳመጫ ሽቦ መሰኪያውን አውጥተውታል፣ የሚሞሪ ካርዱን ቦታ ደፍነውታል። ለምን? ሁሉም ነገር ከኢንተርኔት ይመጣልሃል ብለው ነዋ! ፎቶህን «ደመና» ላይ አስቀምጥ ይሉሃል። ደመና ለጉና ሰው ብርቅ አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ አናታችን ላይ ተቀምጧል። የነሱ ደመና ግን ዳታ ሲዘጋ አይዘንብም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ አይደለም እንዴ?

ርካሿ ስልክ ግን የሽቦ ማዳመጫዋን እንደ አንቴና አድርጋ ኤፍ ኤም ትይዛለች፣ ሚሞሪ ትጎርሳለች፣ ባትሪ ሆና ታበራለች። በዚያ የመዘጋት ዘመን የከተማችን ዘፈንና ፊልም ጫኝ ሱቆች እንደገና ነፍስ ዘሩ። ወጣቱ በብሉቱዝና በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ሲቀባበል ዋለ። ሕዝቡ ብልህ ነው፤ መላ አያጣም። ግን መላ መምታት ዕድገት ነው ወይ? ዓለም በኅዳር 2015 ዓ.ም. የወጣውን ቻት ጂፒቲ እያነጋገረ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲከራከር፣ የኛ ተማሪ ፋይል በፍላሽ ተሸክሞ ዋይፋይ ያለበት ሆቴል ፍለጋ ይዞር ነበር። በዚያው በኅዳር 2015 ዓ.ም. አሜሪካና ካናዳ ውስጥ አንድ የስልክ ኩባንያ ኔትወርክ የሌለበት ተራራ ላይ የቀረ ሰው በሳተላይት የድረሱልኝ መልእክት እንዲልክ የሚያስችል አገልግሎት ጀመረ። እነሱ ኔትወርክ በሌለበት ኔትወርክ ይፈጥራሉ፤ የኛዎቹ ኔትወርክ ባለበት ያጠፉታል!

ዋጋውንም አንርሳው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተባለ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። ቀፎው ደግሞ ተሠርቶ ቢመጣም ዕቃው ገብቶ እዚህ ቢገጣጠምም በዶላር ነው። ያው ገበሬ በዚያው ድንች ዛሬ የሚገዛው ቀፎ ትናንት ከሚገዛው ያነሰ ነው። ባዶውም ቀፎ ተወደደ ማለት ነው።

ይባስ ብሎ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን ለሕዝብ አቀረብኩ አለ። የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ መግዛት የሚቻለው 33፣ ማለትም 9,900 ብር። መግዣው ግን በቴሌብር መተግበሪያ ነበር! እንግዲህ ዳታ ያልተመለሰለት የገጠር ሰው የኩባንያው ባለቤት ሊሆን ይችል የነበረው ኩባንያው በዘጋበት በር ገብቶ ነበር። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው ወደ 10.7 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ሆነ። ለምን አልተሸጠም ብለው ቢጠይቁኝ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው አልልም፤ ኪሱም ባዶ ነበር። ግን ሰው የማያምነውን ይገዛል ወይ? በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች!

«ለደኅንነት ሲባል»

አውቃለሁ፣ አሁን አንድ ካድሬ ብድግ ብሎ «ጦርነት እኮ ነው፤ የጥላቻ ወሬ ይነዛል፤ ታጣቂው ይጠቀምበታል» ይለኛል። ይበል፤ መልስ አለን።

አንደኛ፣ የጥላቻ ንግግርን የሚቀጣ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በእጃችሁ አለ። ጥፋተኛውን በሕግ ያዙ። አንድ ሰው ስለ ተሳደበ የከተማውን ሁሉ አፍ መስፋት የየትኛው አገር ሕግ ነው?

ሁለተኛ፣ ዳታው ተዘጋ፤ ተኩሱ ግን ቆመ ወይ? አልቆመም። የቆመው የነጋዴው ሂሳብ፣ የተማሪው ትምህርት፣ የበሽተኛው ዘመድ መልእክት ነው። የቆመው እውነተኛ ወሬ ነው፤ ሐሜቱማ እግር አውጥቶ ሄደ። ፎቶና ማስረጃ በሌለበት ሁሉም የሰማውን እያበዛ ያወራል። እናት ልጇ ይኑር አይኑር ሳታውቅ ሳምንት ስትቆጥር ደኅንነቱ የማን ነው?

ሦስተኛ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነትን ይሰጣል። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ይህን ሊገድብ ይችላል እንበልና እንለፈው። አዋጁ ስድስት ወር ሠርቶ አራት ወር ተራዘመና በግንቦት 2016 ዓ.ም. መጨረሻ አበቃ። ዳታው ግን ከአዋጁ ጋር አብሮ አልተመለሰም! ወደ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው፣ እሱም ከተማ እየተመረጠ፣ በከፊል ብቅ ማለት የጀመረው። አዋጁ ካበቃ በኋላ የተዘጋው በየትኛው ሕግ ነበር? ማን ፈረመበት? ለስንት ቀን? የሚመልስ የለም። ሳፋሪኮም ገብቶ ኩባንያው ሁለት ሲሆን ውድድር መጣ ብለን ደስ ብሎን ነበር። ውድድሩ በማስታወቂያ ነው እንጂ ማጥፊያው አንድ ሆኖ ተገኘ።

ከጋፋት ምን እንማር?

የኛ አገር ሰው ለቴክኖሎጂ እንግዳ አይደለም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው በ1859 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን ያስቀለጡት እዚያ ነው፤ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ! በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ከደብረ ታቦር ተነሥተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ንጉሡ እንከን የለባቸውም አልልም። ሲወጡ ከተማችንን አቃጥለው ነው የወጡት፤ መድፉንም የጎተተው ይኸው ምስኪን ሕዝብ ነው። ግን አንድ ነገር በታሪክ ተጽፏል፤ መንገዱ ሲቆፈር ንጉሡ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ማሽን ያለ መንገድ እንደማይሄድ ገብቷቸዋል። የዛሬዎቹ ማሽኑን ለኛ ሸጠው መንገዱ ላይ ድንጋይ ይደረድራሉ።

ከጋፋት እስከ ዛሬ ግን ያልተለወጠ ነገር አለ። ቴክኖሎጂ የመንግሥት ሲሆን ሕዝብ ጎታች ነው፤ የሕዝብ ሲሆን ግን መንግሥት ይፈራዋል።

ምን ይደረግ?

እኔ የምለው ብዙ አይደለም። መዝጋት የሚፈልግ አካል ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ምክንያቱን ጽፎ፣ ቦታውንና ቀኑን ገድቦ ይጠይቅ። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተጠቃሚ መብት አስከባሪ ከሆነ የትና መቼ እንደተዘጋ ለሕዝብ ያሳውቅ። ገንዘቡን ከፍሎ ፓኬጅ የገዛና መስመሩ የተቆረጠበት ሰው ገንዘቡ ይመለስለት፤ ያልቀረበ ዕቃ ሒሳብ የሚወስድ ነጋዴ በገበያ ሌባ ነው የሚባለው። ነዳጅም፣ መታወቂያም፣ የባንክ ሥራም፣ ማናቸውም ለኑሮ የግድ የሆነ አገልግሎት መስመር በተዘጋበት ቦታ በወረቀትና በጥሬ ብር መሰጠት አለበት። በአንድ እጅ «ዲጂታል ካልሆንክ አላገለግልህም» እያሉ በሌላ እጅ ዲጂታሉን መንጠቅ አስተዳደር አይደለም፣ ግፍ ነው።

እናንተም ስልክ ገዢዎች! ሻጩ ስለ ካሜራና ስለ ፍጥነት ሲያወራችሁ ስሙት። ግን ራዲዮ እንዳለው፣ ሚሞሪ እንደሚቀበል፣ ባትሪው ስንት ቀን እንደሚቆይ ጠይቁ። ፎቷችሁንና ሰነዳችሁን ደመና ላይ ብቻ አትተዉ፤ ካርድ ላይም ገልብጡ። ለድንገተኛ የሚሆን ጥቂት ጥሬ ብር ከቤታችሁ አይጥፋ። ዳታው ዛሬ ተከፍቶ ቢገኝ እንኳ ከፋቹ ማን እንደሆነ አትርሱ፤ የሚከፍት እጅ ያለ ሕግ ከተተወ የሚዘጋውም እሱ ነው።

ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም ተብለናል። ይሁን! ታዲያ ነዳጁን፣ ደመወዙን፣ መታወቂያውን፣ የእናትና የልጅን ድምፅ እሱ ላይ ያሰሩት እነማን ናቸው? ሕይወትን አንድ ገመድ ላይ አስረው ገመዱ አያስፈልግህም ማለት ምን ይባላል? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ!

ቸር ይግጠመን!