እንግዶቻችንና መናኸሪያው

በከተማችን በሀዋሳ ስብሰባ፣ ዐውደ ጥናት፣ ሠርግ ወይም ምረቃ የማይደረግበት ሳምንት የለም ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የራቀች፣ ሐይቅ ያላት፣ ሆቴል ያልጎደላት ከተማ ስለ ሆነች ሰብሳቢው ሁሉ ይመርጣታል። ይህ ደስ ያሰኘናል እንጂ አያስከፋንም። ነገር ግን እንግዳ የምንጠራ ሰዎች፣ ተማሪዎችም ጭምር፣ ስለ አዳራሹ፣ ስለ ምሳውና ስለ መድረኩ አበባ ስንጨነቅ እንሰነብታለን እንጂ እንግዳው በምን መጥቶ በምን እንደሚመለስ አንድም ቀን በቁም ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ጠሪ አክባሪ ነው ይባላል። አክብሮቱ መጀመር ያለበት እንግዳው ከመኪና ከወረደበት ቦታ ነው ብለን እናምናለን።

ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን ጥፋት እናስቀድም። ባለፈው ዓመት በኮሌጃችን የምረቃ በዓል እንግዳ የመቀበሉ ሥራ ለእኛ ለተማሪዎች ተሰጥቶን ነበር። የጥሪውን ወረቀት ያዘጋጀነው እኛው ነን። ቀኑና ሰዓቱ በሚያምር ፊደል ተጽፏል፤ በየትኛው ግቢ፣ በየትኛው በር እንደሚገባ ግን አልተጻፈም። እኛ የምናውቀውን ሰው ሁሉ የሚያውቀው መስሎን ነበር። የአንድ ጓደኛችን እናት ከበንሳ ወገን ሌሊት ተነሥተው፣ መኪና ለዋውጠው ጧት መናኸሪያ ደረሱ። የጥሪውን ወረቀት ለአንድ የባጃጅ ነጂ አሳዩት፤ እሱም ያነበበውን አንብቦ ከከተማው ማዶ ወደሚገኝ ወደ ሌላ ግቢ ወሰዳቸው። ከዚያ እንደገና ሁለተኛ ባጃጅ፣ እንደገና ሁለተኛ ሒሳብ። በመጨረሻ ከበራችን ሲደርሱ፣ ባጃጅ ወደ ግቢ እንዳይገባ የወሰንነው እኛ ስለ ነበርን፣ አስቆምናቸው። የክብር እንግዶች መኪና መተላለፊያ እንዳያጣ ብለን ነበር። እናታችን በአንድ እጃቸው ያመጡትን ስንቅ፣ በሌላው ነጠላቸውን ይዘው በፀሐይ አዘገሙ። አዳራሹ ሲደርሱ ልጃቸው ስሙ ተጠርቶ ከመድረክ ወርዶ ነበር።

በዚያ ሰዓት ሦስት መኪናዎች ከዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ነበር። አንደኛው ቀኑን ሙሉ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

እንግዲህ ወደ ሀዋሳ የሚመጣው ማን ነው? በአውሮፕላን የሚመጣው ጥቂት ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው ወጣ ያለ ቢሆንም ተቀባይ አያጣም፤ ሆቴሉም መኪና ይልክለታል፤ ስለ እሱ አንጨነቅ። ከአዲስ አበባ በራሱ ወይም በመሥሪያ ቤቱ መኪና የሚመጣው ደግሞ ከሞጆ እስከ ባቱ በተሠራው 92 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው የፈጣን መንገድ ደስ ብሎት ይነዳና፣ ከዚያ ወዲያ በየከተማው ከጋሪው፣ ከከብቱና ከገበያተኛው ጋር እየተጋፋ ስለሚመጣ፣ የጧቱን ስብሰባ በሁለት ሰዓት ብሎ የሚጠራ አዘጋጅ ራሱን ይታዘብ። ብዙው ሕዝብ ግን የሚመጣው በአውቶቡስና በሚኒባስ ነው፤ ከይርጋለም፣ ከአለታ ወንዶ፣ ከዲላ። ከወላይታና ከባሌ የሚነሣው ብዙው ሻሸመኔ ወርዶ መኪና ይለውጥና የቀረውን 25 ኪሎ ሜትር ይጨርሳል። ይህ ሰው መናኸሪያው ላይ ሲወርድ ነው ችግሩ የሚጀምረው።

እዚህ ላይ ስለ ባጃጅ ጥቂት እንበል። የከተማው ነዋሪ በባጃጅ የሚሄደው በመስመር ነው፤ ከሌሎች ጋር ተሳፍሮ፣ የታወቀውን ሒሳብ ከፍሎ፣ ከመንገዱ ዳር ይወርዳል። እንግዳው ግን መስመሩን ስለማያውቅ «ኮንትራት» ይባልና ባጃጁን ሙሉ ይይዛል። የኮንትራት ዋጋ ደግሞ የሚተመነው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በፊት ነው። ሻንጣ የያዘና ግራና ቀኝ የሚያይ ሰው ብዙ ይከፍላል። ነጂዎቹን ለመስደብ አይደለም ይህን የምንለው። አብዛኞቹ የእኛው እኩዮች ናቸው፤ ከመካከላቸው አብረውን የተማሩም አሉ። ብዙዎቹ ባጃጁ የራሳቸው አይደለም፤ ማታ ለባለቤቱ የሚያስረክቡት የቀን ገቢ አለባቸው። ቤንዚን በጠፋ ቀን ግማሹን ቀን በሰልፍ ያሳልፋሉ፤ ወይም በሃይላንድ ተሞልቶ የሚሸጠውን በውድ ይገዛሉ። ታዲያ ያን ዕለት ያገኙትን እንግዳ ቢጨምቁ ምን ይደንቃል? ነጂዎቹ ማኅበር አላቸው። ከበዓሉ በፊት ወደ ማኅበሩ ሄዶ «በዚህ ቀን ይህን ያህል እንግዳ ይመጣብናል፤ ከመናኸሪያ እስከ በራችን ስንት ትወስዳላችሁ?» ብሎ ተስማምቶ፣ ዋጋውን ከጥሪው ወረቀት ግርጌ መጻፍ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። እኛ ግን አልሠራነውም።

ከተማዋ ከሕዝቧ ጋር ስትሆን እንዴት እንደምትንቀሳቀስ ማየት የሚፈልግ በፊቼ ጨምበላላ ቀን ይምጣ። ይህ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ አዲስ ዓመት ዕለቱ የሚታወቀው አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ከዋክብትን ተመልክተው ሲያሳውቁ ነው፤ ሆኖም ሕዝቡ ያለ ምንም የጥሪ ወረቀት ወደ ጉዱማሌ ይጎርፋል፤ አብዛኛውም በእግሩ ነው። በታኅሣሥ 19 የገብርኤል ዕለትም እንዲሁ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ለመኪና መተላለፊያ አይገኝም። በዚያ ዋዜማ ዐውደ ጥናት የሚጠራ አዘጋጅ አልጋና የአውቶቡስ ወንበር ከየት ሊያገኝ እንደሚያስብ አይገባንም። ሀዋሳ ሜዳ ናት፤ መንገዷ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ ለእግርና ለብስክሌት እንደ እርሷ የተመቸ ከተማ በአገራችን ብዙ አይገኝም። ለጎበዝ እንግዳ «ከሆቴልዎ እስከ አዳራሹ በእግር ይህን ያህል ደቂቃ ነው» ብሎ መንገርም አንድ ማመላለሻ ነው። በአንጻሩ በእንግዶች ፕሮግራም ውስጥ በጀልባ ሄዶ ጉማሬ ማየት ቀርቶ አያውቅም፤ ማታ ወደ ማደሪያቸው በምን እንደሚመለሱ ግን ተጽፎ አላየንም።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር አለን፤ መምህሮቻችን ይቅር ይበሉን። ከገጠር የመጣ ወላጅ የመመለሻ መኪና የሚያገኘው ሳይመሽ ነው። በዓሉ በዘጠኝ ሰዓት ካላለቀ እሱ መናኸሪያ ሲደርስ የወረዳው መኪና ሄዷል፤ ሌሊቱን አልጋ ተከራይቶ ያድራል፤ ወይም ልጁ ለእኛ አንድ ክፍል ለምኖ ያሳድረዋል። ከመድረክ የሚጨመረው እያንዳንዱ ንግግር የማን ኪስ እንደሚነካ ተናጋሪዎቹ ቢያውቁ ያሳጥሩት ነበር ብለን እንገምታለን።

«ይህ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው» የሚሉን ወንድሞች አሉ። መናኸሪያውን ማስተካከልና ታሪፍ ማስከበር በእርግጥ የከተማው አስተዳደር ሥራ ነው፤ እኛም ስንጠይቅ እንኖራለን። የጥሪውን ወረቀት የሚጽፈው ግን አስተዳደሩ አይደለም። «በጀት የለም» የሚሉም አሉ። ለባነሩ በጀት ነበረ።

ዘንድሮ የምንለምነው ይህን ነው። በጥሪው ወረቀት ላይ የበሩ ስም፣ ባጃጁ የሚያወርድበት ቦታና የተስማማንበት ሒሳብ ይጻፍ። ከጧቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ሁለት ሁለት ሆነን የኮሌጁን ስም የያዘ ሰሌዳ ይዘን መናኸሪያው ላይ እንቁም፤ ሲዳምኛ የሚችል ከእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ይኑር። ከሦስቱ መኪናዎች አንዱ ከበሩ እስከ አዳራሹ አረጋውያንን ያመላልስ። ብስክሌት ያለው ተማሪ መንገድ የጠፋበትን እንግዳ ፈልጎ ያምጣ።

የፈቃደኞች ስም መመዝገቢያ ወረቀት በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ከለጠፍን ሁለት ሳምንት ሆነው። እስከ ትናንት ማታ 7 ስም ተጽፎበታል፤ አራቱ የእኛው የአዘጋጆቹ ነው።